የደርቭላ አሥራ ሁለት ሳምንታት

ደርቭላ ታንሲ ከሥራ የተሰናበተችው መሰላል ላይ ቆማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከከተማችን ከባሊክሪን ወጣ ብሎ ከሚሠሩት አርባ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የኮርኒስ ሽቦ ስትስብ ፎርማኑ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ።

“ውረጂ፣ ደርቭላ።”

“ይቺን መብራት ልጨርስና።”

“ለማን ነው የምትጨርሺው? ኩባንያው ከስሯል። በሩን ሊያሽጉ ሰዎች መጥተዋል። ውረጂ የኔ ልጅ።”

አልወረደችም። ፒንሳዋን ከኪሷ አወጣች፣ የተላጠውን ሽቦ በፕላስተር ጠቀለለች፣ ጫፎቹን ሳጥናቸው ውስጥ ከተተች፣ ክዳኑን በካቻቢቴ አጠበቀች። ፎርማኑ ቆሞ ይጠብቃታል። ስትጨርስ “ግማሽ ላይ የተተወ ሽቦ ሰው ይገድላል” ብላው ወረደች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከአርባዎቹ ቤቶች የአሥራ አራቱን ሽቦ በእጇ የዘረጋችው እሷ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሰው አልገባባቸውም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት የገባባቸው ቁራ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ኑዋላ ነኝ። በባሊክሪን ፖስታ ቤት ከመስኮቱ ኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። የሥራ አጥ አበል የሚከፈለው እኔ ጋ ነው። ድሮ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ፣ እነሱንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ግን ሰልፉ ከፖስታ ቤቱ በር ወጥቶ፣ ሥጋ ቤቱን አልፎ፣ እስከ ፋርማሲው ይደርስ ነበር። ግንበኛው፣ ለሳኙ፣ ትናንት መሬት ሲያሻሽጥ የነበረው ደላላ፣ ሁሉም ጫማ ጫማውን እያየ ይቆማል። ደርቭላ ግን ቀና ብላ ነበር የምትቆመው። ተራዋ ሲደርስ “ኑዋላ፣ ባልሽ በእርሻው ሁሉ ስለሚዞር ልጠይቅሽ፣ የተበላሸ ነገር አላየም?” ትለኛለች። ፖስታ የሚያዞረው ባሌ ነው። እሱንም መንገድ ላይ ስታገኘው ያንኑ ትጠይቀው ነበር።

የደርቭላ ችግር ከሌላው ይለይ ነበር። ተለማማጅ ነበረች። የኤሌክትሪክ ሙያ ወረቀት ለማግኘት አራት ዓመት ያስፈልጋል። እሷ ትምህርቱን ጨርሳ፣ ፈተናውን አልፋ፣ የቀራት የመጨረሻው የሥራ ላይ ልምምድ ብቻ ነበር፦ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ ፈቃድ ባለው አሠሪ ሥር፣ በአሠሪው ፊርማ። ያለዚያ ፊርማ አራቱ ዓመት ከንቱ ነው። አገሩ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አሠሪ ያልቀረበት አገር ሆኗል።

ሌላም ነገር ነበራት። የምትወዳት ልጅ።

ሪዮና ሃርት ትባላለች፤ ከእኛ በመኪና አርባ ደቂቃ ከሚርቅ መንደር መጥታ በሴቶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮንትራት ታስተምር ነበር። የተገናኙት በካሞጊ ሜዳ ላይ ነው። ካሞጊ የሴቶች ጨዋታ ነው፤ በዱላና በትንሽ ኳስ፣ ልክ እንደ ገና ጨዋታ፣ ጌታም አይቆጣበትም። ሪዮና በረኛ፣ ደርቭላ ተከላካይ። አብረው በተሰለፉበት የመጀመሪያ ቀን ደርቭላ ኳሱን አርቃለሁ ብላ የራሷን በረኛ ጣት ሰበረች። ሆስፒታል ይዛት ሄዳ ስድስት ሰዓት አብራት ተቀመጠች። በሦስተኛው ሰዓት ይቅርታ መጠየቅ አቆመች፤ በአምስተኛው ሰዓት ሪዮና በደህናው እጇ የደርቭላን እጅ ያዘች። እንግዲህ እንደዚያ ነው የጀመረው፤ የካቲት ላይ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም ይባል ነበር። ትምህርት ቤቱ የቁምስናው፣ ማለትም የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ የአስተማሪ ቅጥር ቦርዱን የሚመሩት አባ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሕጉ የሃይማኖት ትምህርት ቤት የእምነቱን መንፈስ ይጎዳል ያለውን መምህር እንዲያሰናብት ይፈቅድ ነበር። እውነቱን ለመናገር በባሊክሪን በዚያ ሕግ የተባረረ ሰው አላውቅም። ማባረር አያስፈልግም ነበር፤ የሚፈራው ሁሉ አስቀድሞ ዝም ይላል። ሪዮናም ዝም አለች። ኮንትራቷ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ መስከረም ላይ ይታደስ እንደሆነ ነሐሴን ሙሉ ትጠብቃለች። በዚያ ዓመት ደግሞ አንድ ቋሚ ቦታ ይከፈታል ተብሎ ነበር። በዚያ ዘመን ቋሚ ቦታ ማለት የሰማይ መና ነው።

ሚያዝያ ላይ ሪዮና የካናዳ ቪዛ ቅጽ ይዛ መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር በደርቭላ አሮጌ ቫን ውስጥ ተቀምጠው፣ ዝናቡ መስታወቱን እየመታ፣ ቅጹን በጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

“ሁሉም እየሄደ ነው” አለች። “ከቡድናችን ስድስቱ ሄደዋል። በሚቀጥለው ሳምንት መንታዎቹም ይሄዳሉ። ከማን ጋር ነው የምንጫወተው? እዚያ እኮ መጋባት እንኳ ይቻላል፣ ደርቭላ። እንደ ሰው።”

“እዚህስ ምንድን ነን?”

“እዚህ እኔ ተተኪ መምህር ነኝ፣ አንቺ ደግሞ ጣቴን የሰበርሽው ልጅ።”

ደርቭላ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። “ካናዳ ስደርስ ምን ነኝ? ኤሌክትሪሺያን ልሆን የቀረኝ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው ብዬ ልንገራቸው? ጡብ ነው የሚያሸክሙኝ።”

“እስክታገኚ እኔ አስተምራለሁ።”

“አውቃለሁ። ተሸክመሽኝ ግን ሳይሆን፣ አብሬሽ መሄድ ነው የምፈልገው። አሥራ ሁለት ሳምንት ስጪኝ።”

“ከማን ጋር ነው የምትሠሪው? ማን አለ?”

“አላውቅም። አንቺ ብቻ ስጪኝ።”

ሪዮና ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። “እስከ ሐምሌ” አለች።

ደርቭላ ከዚያ በፊትም ሥራ ስትለምን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አገር አዳረሰች። ሠላሳ አንድ አሠሪ ጋ ሄዳለች። በስልክ አይደለም፣ በአካል፤ የሥራ ጫማዋን አድርጋ፣ ወረቀቶቿን በፕላስቲክ ይዛ። አብዛኞቹ ደግ ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን አልጠቀማትም። አንዱ ብቻ እንዲህ አላት፦

“ሦስት ልጅ ያላቸው ወንዶች ቤታቸው ቁጭ ብለው አንቺን ልቅጠር? ምን ይሉኛል?”

“እነሱም ይምጡ” አለችው። “ሽቦውን ዘርጉ በሉንና ማን ቀጥ አድርጎ እንደሚዘረጋ ይዩ።”

“ምላስሽ ስል ነው።”

“እጄም እንደዚያው ነው” ብላው ወጣች። ቫኗ ውስጥ ገብታ ግን አለቀሰች። ይህን እሷ ናት የነገረችኝ፤ ማልቀሷን አትደብቅም።

ማላኪ ጋ ለመሄድ ያሰበችው እናቷ ፊሎሚና ስለ ማላኪ የዳሌ ሕመም ስታወራ ሰምታ ነው። ማላኪ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በዚህ አካባቢ ባሉ የገጠር ቤቶች ብዙዎቹ ውስጥ የመጀመሪያዋን አምፖል ያበሩት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሱቃቸውን ዘግተው ቀኑን ሙሉ የጋዜጣ የቃላት ጨዋታ ይሞላሉ። የሙያ ፈቃዳቸውን ግን በየዓመቱ ያሳድሱ ነበር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ “ስሜ ከመዝገብ ሲሰረዝ ማየት አልፈልግም፤ መቃብር ላይ ሲጻፍ ይበቃኛል” ይላሉ።

በራቸውን አንኳኳች። በብብታቸው ክራንች ይዘው ከፈቱላት።

“ሥራ የለኝም” አሏት ገና ሳትናገር።

“ሥራውን እኔ አመጣለሁ።”

“መሰላል አልወጣም። ሐኪሙ ወንበርም ላይ አትውጣ ብሎኛል።”

“መሰላሉን እኔ እወጣለሁ።”

“ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?”

“እርስዎ ይቆጡኛል።”

ማላኪ ሳቁ፤ ከሚስታቸው ቀብር ወዲህ ሲስቁ የሰማቸው ሰው አልነበረም። “እሱን እንኳ እችልበታለሁ” አሉ። “ግቢ። ጫማሽን ጥረጊ።”

ሰኞ፣ በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት፣ ጀመሩ። ደርቭላ ቃሏን ጠበቀች። በየእርሻው እየዞረች በር አንኳኳች። ሰው አዲስ ቤት አይሠራም፣ ላም ግን በቀን ሁለቴ ትታለባለች፤ የማለቢያ ቤቶቹ ሽቦ ደግሞ አይጥ የበላው፣ ጭስ የጠጣው፣ በየዓመቱ ሲለጣጠፍ የኖረ ነው። ማላኪ ቫኑ ውስጥ ተቀምጠው መስኮቱን ዝቅ አድርገው ይጮኻሉ፦ “ያ ሽቦ ምን ሆኖ ነው የሚተኛው? ሰክሮ ነው? አቅኚው!” እሷም ታቃናለች። በሁለተኛው ሳምንት ከቫኑ ወርደው በክራንች እየተንፏቀቁ ይመጡ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ክራንቹን ቫኑ ውስጥ ረስተውት አየኋቸው።

በዚያው በሦስተኛው ሳምንት ነው ነገሩ የተበላሸው። ርዕሰ መምህሯ ሪዮናን ቢሮ ጠርታ፣ በሩን ዘግታ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ “ያ ቫን በርሽ ላይ ብዙ ይቆማል አሉኝ። እኔ ምንም አላልኩም። ግን ቃለ መጠይቁ ሰኔ ውስጥ ነው፤ አንቺን ደግሞ ማጣት አልፈልግም” አለቻት። ሪዮና ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ደርቭላ ከሃርድዌር ሱቅ የሽቦ ጥቅል ተሸክማ ስትወጣ ሪዮና ከአንዲት የተማሪ እናት ጋር ስትመጣ ተገጣጠሙ። ሪዮና “ጤና ይስጥልኝ” አለቻት፤ ልክ ሶኬት ያስጠገነች ደንበኛ እንደምትለው። አለፈች።

ማታ የካሞጊ ልምምድ ላይ፣ ሌሎቹ ሲሄዱ፣ ደርቭላ ሜዳው ዳር ጠበቀቻት።

“ጤና ይስጥልኝ?” አለቻት።

“ምን ልበል? እናትየው አጠገቤ ናት!”

“ስሜን ልትጠሪ ትችያለሽ። ስም አለኝ።”

“አይገባሽም አንቺ። ያንቺ አለቃ ማላኪ ናቸው፤ ደንበኞችሽ ላሞች ናቸው። ላም ሰው አታማም!”

“እሺ፣ እስከ ሰኔ ልደበቅልሽ። ከሰኔ በኋላስ? ቦታውን ስታገኚ እኮ ነው የሚብሰው። የምታጪው ነገር ሲበዛ ነው ሰው የሚፈራው። አርባ ዓመት ሙሉ ልትደብቂኝ ነው፣ ሪዮና። ጡረታ ስትወጪ ነው ስሜን የምትጠሪው?”

ሪዮና ዱላዋን አንስታ ሄደች። ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። በጨዋታ ቀንም ሪዮና ከበር፣ ደርቭላ ከፊቷ ቆመው፣ “ግራሽን! ቀኝሽን!” ከማለት በቀር ቃል አልተለዋወጡም። ቡድናችን እነዚያን ጨዋታዎች ሁሉ አሸነፈ፤ ለምን እንደሆነ አልገባንም።

ደርቭላ ራሷን በሥራ ጠመደች። በአምስተኛው ሳምንት ጃርላት የሚባሉ አርሶ አደር ጠሯት። ሃምሳ ሁለት ላሞች አሏቸው። ላሞቹ ከአሥር ቀን ጀምሮ ወደ ማለቢያው ቤት አንገባም ብለዋል። ደጁ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፤ በግድ የገቡት የማለቢያውን ማሽን በእርግጫ ይጥላሉ። ወተታቸው በግማሽ ቀንሷል። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ጤነኞች ናቸው ብሏል። አባም መጥተው ጸበል ረጭተዋል።

“ጸበሉ ያባሰው ይመስለኛል” አሉ ጃርላት አፍረው። “ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርሶ ደጁንም አይረግጡ።”

ደርቭላ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። “ውሃ ሲነካው ነው የባሰው?”

“እንግዲህ ጸበልም ውሃ ነው መቼም።”

በራፉ ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ላሞቹን ብቻ አየች። ማላኪ “ልታልቢያቸው ነው ወይስ ልትድሪያቸው?” እያሉ ይነዘንዛሉ። አንዲት አሮጊት ላም የፊት እግሯን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ታሳርፍና እሳት እንደነካት መልሳ ታነሳለች። ጃርላት ግን እዚያው ላይ ቆመው ምንም አይሰማቸውም። ደርቭላ የጃርላትን እግር አየች፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ። ወዲያው የራሷን ጫማና ካልሲ አወለቀች፣ ባዶ እግሯን እርጥቡ ላይ አኖረች፣ በጣቷ ጀርባ የብረት አጥሩን ነካ አደረገች።

“ኡ!” ብላ ዘለለች።

“አንቺ እብድ!” ማላኪ ክራንቻቸውን ይዘው ሮጡ፤ ሮጡ ነው የምላችሁ። “ቴስተር የተፈጠረው ለምንድን ነው? ብትሞቺ ለእናትሽ ምን ልነግራት ነበር?”

“ኤሌክትሪክ ነው፣ ማላኪ! ትንሽ ነው፤ ሰው ጫማ አለው፣ ላም የላትም። በየቀኑ እየነዘራቸው ነው!”

ቀኑን ሙሉ ፈለጉ። ከገንዳው ኋላ፣ ብረቶቹን ከመሬት ጋር የሚያያይዘው ሽቦ በሽንትና በውሃ ተበልቶ ተቆርጧል፤ ያረጀው የውሃ ማሞቂያ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ወደ ብረቱ ያፈስሳል። ማሞቂያውን ነቀለች፣ አዲስ የመሬት ሽቦ ዘረጋች፣ እያንዳንዱን ብረት አሰረች። ማላኪ በቴስተር ሦስት ጊዜ ለክተው ምንም አላገኙም። “ቀጥ ያለ ሽቦ ነው” አሉ። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ለሌላ ሰው ሥራ ይህን ሲሉ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ ከሰዓት ላሞቹ መጡ። አሮጊቷ ላም እግሯን አሳረፈች። ጠበቀች። ሌላኛውን አሳረፈች። ከዚያ ገብታ ቦታዋን ያዘች፣ ሃምሳ አንዱም ተከተሏት። ጃርላት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ለሰው ሁሉ ተናገሩ፦ “ሐኪም አላገኘውም፣ አባ አላገኙትም፣ የፊሎሚና ልጅ በባዶ እግሯ አገኘችው!” ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ መዞር ቀረ። ሰው ራሱ ይደውል ጀመር።

ደርቭላ ግን አልደላትም። እናቷ ፊሎሚና ስታስተውላት ሰነበተች። ፊሎሚና ባሏ የሞተባት፣ የቤተ ክርስቲያኑን አበባ ሃያ ዓመት ያሰናዳች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ድንቹን አቀረበችና ተቀመጠች።

“ያቺ በረኛ ወዴት ጠፋች?”

“ሥራ በዝቶባት ነው።”

“ደርቭላ፣ እናትሽ ነኝ፤ ዋሽተሽ የምትሸኚኝ ኑዋላ አይደለሁም።”

ደርቭላ ሹካዋን አስቀመጠች። “ምን ታውቂያለሽ፣ እማዬ?”

“ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ የሦስት ሰው ድንች ልጫለሁ። ጓደኛ አንድ እሁድ ይቀራል። ያቺ ልጅ ከዚህ በፊት አንድም ቀን አልቀረችም።” ፊሎሚና ጨው አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። “መጀመሪያ ሳውቅ ለአንድ ወር አልተኛሁም፤ አልዋሽሽም። ሰው ምን ይላል ብዬ። በኋላ ሳየው፣ አንቺ እሷ ስትኖር ትበያለሽ፣ ሳትኖር አትበዪም። ለእናት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?”

“አባ ቢሰሙስ?”

“ቢሰሙ ምን ያደርጉኛል? አበባውን ራሳቸው ያሰናዱ እስቲ!”

ደርቭላ ያን ቀን ሁለት ሳህን በላች።

የሪዮና ቃለ መጠይቅ በሰኔ አጋማሽ፣ ረቡዕ ጠዋት ነበር። አምስት ሰዎች ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል። የሒሳብ ጥያቄ ጠየቋት፣ ስለ ንባብ ጠየቋት፣ ሁሉንም መለሰች። መጨረሻ ላይ አባ፣ ለሁሉም ተፈታኝ የሚጠየቀውን ጥያቄ፣ ወረቀታቸውን እያዩ ጠየቁ፦ “የቁምስናችንን መንፈስ በግል ኑሮሽ እንዴት ትገልጪዋለሽ?”

ለዚህ የሚሆን መልስ በቃሏ አጥንታ ነበር። ስለ ጸሎት፣ ስለ በጎ አድራጎት። አፏን ስትከፍት ግን ያ መልስ አልመጣላትም። “በግል ኑሮዬ” አለች፣ “የምወደው ሰው አለኝ። የምትጀምረውን የምትጨርስ፣ የማትዋሽ፣ ማንም ሳያያት ሥራዋን በትክክል የምትሠራ ሰው ናት። ከእሷ ጋር ስሆን የተሻልኩ አስተማሪ ነኝ።”

“ናት” ብላለች። አባ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከአምስቱ አንዷ ጉሮሮዋን ጠርጋ “አመሰግናለሁ፣ ሪዮና፤ በቂ ነው” አለች።

ሪዮና ከዚያ ወጥታ በቀጥታ መኪናዋን አስነሳች። ደርቭላ የት እንደምትሠራ ፖስታ ቤት ቆማ እኔን ጠየቀች፣ እኔም ነገርኳት። የቃለ መጠይቅ ጫማዋን እንዳደረገች እርሻው ውስጥ ገባች፣ ተረከዟ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ አንዱን ጫማ እዚያው ትታ ሄደች። ማላኪ ቫኑ በር ላይ ቆመዋል።

“ጣሪያ ላይ ናት” አሏት ሳትጠይቃቸው።

“ደርቭላ!” ጮኸች ሪዮና ከታች። “ነገርኳቸው!”

“ምን አልሻቸው?”

“ሰው ናት አልኳቸው! ናት!”

ደርቭላ ከጣሪያው እንዴት እንደወረደች ማንም አላየም፤ ማላኪ ሦስት ደረጃ ብቻ ነው የረገጠችው ይላሉ። ሁለቱ ጭቃው መሃል ተቃቅፈው ሲቆሙ ማላኪ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ደመና ሲመረምሩ ቆዩ።

“ያውቁ ነበር?” አለቻቸው ደርቭላ በኋላ።

“የታመመው ዳሌዬ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም። ሃያ ደቂቃ ሻይ ጠጡ። ከሃያ ደቂቃ ካለፈ ከልምምድሽ ላይ እቀንሳለሁ።”

ደብዳቤው በሐምሌ መጀመሪያ መጣ፤ በእኔ እጅ ነው ያለፈው። ሪዮና ሁለተኛ ወጥታለች። ቦታውን ያገኘችው ልጅ ጎበዝ ናት፣ ክፉ አልናገርባትም። “ናት” በማለቷ ይሁን በሌላ፣ የሚያውቁት አምስቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አልተናገሩም። ርዕሰ መምህሯ ግን ሪዮና ዕቃዋን ስትሰበስብ አብራት እያለቀሰች ሳጥን ትይዝላት ነበር።

በዚያው ሐምሌ የአገሪቱ ምክር ቤት እንደ ደርቭላና እንደ ሪዮና ያሉ ጥንዶች ትዳር ባይባልም በሕግ እንዲመዘገቡ ፈቀደ። ዜናውን በቫኑ ሬዲዮ ሰሙት። ደርቭላ ድምፁን ጨመረች፣ ማላኪም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። “መልካም” አሉ። “አሁን ያን ገመድ ያዢልኝ።”

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት በሐምሌ መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን ሞላ። ማላኪ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብበው ፈረሙ። ደርቭላ ወረቀቱን በአደራ ደብዳቤ ለመላክ እኔ ጋ መጣች። ማኅተሙን ሦስት ጊዜ መታሁበት፤ አንድ ይበቃ ነበር።

ሪዮና “አሁን ካናዳ መሄድ ትችያለሽ፤ ቃልሽን ጠብቀሻል” አለቻት።

“አሁን መቅረትም እችላለሁ” አለች ደርቭላ። “አንቺስ?”

ሪዮና ሳምንት አሰበች። ከዚያ ባሕሩ አጠገብ ባለችው ትልቅ ከተማ ዳርቻ፣ ለየትኛውም እምነት ልጆች በተከፈተ አዲስ ትምህርት ቤት አመለከተች። ክፍሎቹ ከቆርቆሮና ከእንጨት የተገጣጠሙ፣ ክረምት ላይ የሚያፈሱ ናቸው። ርቀቱ በመኪና አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ቀጠሯት፤ ለአንድ ዓመት ብቻ። ቅጹ ላይ “የቅርብ ተጠሪ” በሚለው ቦታ ደርቭላ ታንሲ ብላ ጻፈች፣ ዝምድና በሚለው ቦታ ደግሞ እውነቱን። የተቀበላት ጸሐፊ አንብባ “ስልክ ቁጥሯን ረስተሻል” ብቻ አለቻት።

ሁሉም ነገር ሰምሮ ነበር ብል ውሸት ነው። ደርቭላ የሙያ ወረቀቷ ደርሷት የማላኪን ሱቅ ተከራይታ በራሷ ስም ስትከፍት ሁለት ገበሬዎች መጥራታቸውን አቆሙ። አንዱ ሌላ ሰው አገኘሁ አለ፤ ሁለተኛው ምክንያትም አልሰጠ። ቡድናችንም በዚያ መከር ሜዳ የሚሞሉ አሥራ አምስት ተጫዋቾች አጥቶ ከጎረቤት ቁምስና ጋር ተዋሐደ፤ የእነሱን ቀለም ለብሶ ተጫወተ፤ እኔን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሱቁ ግን ጸና። ማላኪ በየጠዋቱ እየመጡ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የቃላት ጨዋታቸውን ይሞላሉ፣ ያልፈለገችውን ምክር ይሰጧታል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከሱቁ በላይ ወዳሉት ሁለት ክፍሎች ሊገቡ ሆነ። የሁለት ሰው ፍራሽ ገዝተዋል፤ የገዙት ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ነው። ሪዮና “እስኪመሽ እንጠብቅ?” አለች፤ ልማድ ቶሎ አይለቅም። ደርቭላ “ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ስድስት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ አለ” አለች። “ሲመሽ ይዘንባል።”

ስለዚህ በቀን፣ ገበያው ሞልቶ፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ፍራሹን ተሸክመው ዋናውን መንገድ አቋረጡ። ፊሎሚና ሁለት ትራስ አቅፋ ከፊታቸው ትሄዳለች፤ መኪና ስታስቆም እንደ ፖሊስ እጇን ትዘረጋለች። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እንደያዘ በሩ ላይ ወጣ። ሦስት አራት ሰው ቆሞ አየ። አንዲት አሮጊት ለፊሎሚና “ማን ሊገባ ነው?” አለቻት።

“ልጄና ሪዮና” አለች ፊሎሚና ሳትቆም። “ጥሩ ፍራሽ ነው፤ አሥር ዓመት ዋስትና አለው።”

እኔም መስኮቴን ዘግቼ ወጣሁና በሩን ያዝኩላቸው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ማላኪ ከታች ሆነው “ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩ እኮ!” እያሉ ይጮኻሉ። ፍራሹ መታጠፊያው ላይ ተቀርቅሮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ታገልነው፤ ሪዮና ከላይ እየሳቀች፣ ደርቭላ ከታች በትከሻዋ እየገፋች። በስተመጨረሻ ተላቆ ገባ።